አጋፋሪ ወይስ አወያይ?

የጥሪ ወረቀቱ «ከቀኑ 8፡00 ሰዓት በትክክል» ይላል። መቼም በሰዓቱ የሚጀመር ነገር «በትክክል» ተብሎ አይጻፍበትም። 9 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሙሉ ሱፍ የለበሰ ሰው መድረክ ላይ ይወጣና ማይኩን በጣቱ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። «ሀሎ... ሀሎ... ከኋላ ይሰማል?» ይሰማል። «ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የጥበብ አፍቃሪያን፣ የክብር እንግዳችን መንገድ ላይ ስለሆኑ ለጥቂት ደቂቃዎች በትዕግሥት እንድትጠብቁን...» ሙዚቃ ይከተላል። ከሙዚቃው በኋላ ደግሞ «አሁን ሞቅ ባለ ጭብጨባ!» ይመጣል። ለማን፣ ለምኑ እንደሆነ ገና አላወቅንም። እናጨበጭባለን።

እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ሰው ነው። በየመጽሐፍ ምረቃው፣ በየውይይቱ፣ በየዓውደ ጥናቱ ማይክ ይዞ መሐል ላይ ስለሚቆመው ሰው። መጽሐፍ እንተቻለን፣ ቴአትር እንተቻለን፣ የዘፈን ግጥም ሳይቀር እየበለትን እንተቻለን። ይኼን ሰው ግን የምናየው እንደ አዳራሹ ወንበር ነው። ከተመቸን ተመቸን፣ ካልተመቸን ችለነው እንወጣለን። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን ጥሩ መጽሐፍ በመጥፎ መድረክ መሪ ሲገደል፣ መካከለኛ መጽሐፍ ደግሞ በጥሩ መድረክ መሪ ትልቅ ክርክር ሲወልድ አይታችኋል። ሰውዬው ወንበር አይደለም ማለት ነው።

ከስሙ እንጀምር። አማርኛችን ለዚህ ሰው የሰጠው አንድ ስም አይደለም። አጋፋሪ ይባላል፣ አስተዋዋቂ ይባላል፣ መድረክ መሪ ይባላል፣ ሰብሳቢ ይባላል፣ አወያይም ይባላል። የፈረንጁን ቃል የወደዱ «ሞደሬተር» ይሉታል። ስሞቹ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

አጋፋሪ የቤተ መንግሥት ቃል ነው። ግብር ሲበላ ማን ይግባ፣ ማን የት ይቀመጥ፣ ማን ከማን ይቅደም የሚለውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ሥርዓቱን የሚያስከብር ሰው ነበር። ሥራው ማዕረግ ማወቅ ነው። አስተዋዋቂ ሰውን ከሰው ያገናኛል፤ ሥራው ስም መጥራት ነው። ሰብሳቢ አጀንዳ ያስይዛል፣ ቃለ ጉባኤ ያስፈርማል። አወያይ ግን ሌላ ነው። እስቲ ግሱን እንየው፤ የድሮ ሙያዬ አልለቀኝ ብሎ ነው። «ተወያየ» ማለት አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለአንዱ ተናገረ ማለት ነው። ብቻውን የሚወያይ ሰው የለም። «አወያየ» ሲሆን ደግሞ ሌሎች እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ አደረገ ማለት ይሆናል። እንግዲህ አወያይ የሚባለው ሌሎችን የሚያናግር እንጂ ራሱ የሚናገር ሰው አይደለም። ሰዋስዉ ራሱ «አንተ ዝም በል» ይለዋል።

የኛ ነገር ታዲያ እንዲህ ሆነ፦ የምንጠራው ለውይይት ነው፣ በር ላይ የሚጠብቀን ግን አጋፋሪ ነው።

እስቲ አንድ የቅዳሜ ከሰዓት ፕሮግራም እናስላ። የማንም አይደለም፣ የሁላችንም ነው። ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ 180 ደቂቃ ተመድቦለታል እንበል። 75 ደቂቃው እንግዳ በመጠበቅ አለቀ። 105 ቀረ። የመክፈቻ ንግግር 15፣ ሙዚቃ 10፣ ከመጽሐፉ የተቀነጨበ ንባብ 10። ሁለት ዳሰሳ አቅራቢዎች 15፣ 15 ደቂቃ ተሰጥቷቸው 25፣ 25 ወሰዱ። ይኼ 50 ነው። መድረክ መሪው በየመሐሉ እየገባ የሚለው ነገር በትንሹ 10 ደቂቃ ይሆናል። ደምሩት፤ 95 ነው። ለታዳሚው የቀረው 10 ደቂቃ ነው። ያኔ ያቺ የምናውቃት ዓረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ጊዜው በጣም ስለገፋ ሦስት ጥያቄ ብቻ እንቀበላለን።»

ጊዜው በራሱ እግር ሄዶ አልገፋም። የገፋው ሰው አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጆሮ ብቻ ሆኖ የተቀመጠ ሕዝብ ለ10 ደቂቃ አፍ እንዲኖረው ተፈቀደለት። እኔ መድረክ መሪን የምመዝነው በዚህች 10 ደቂቃ ነው። ድምፁ ማማሩ፣ አለባበሱ፣ ቀልዱ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ጥሩው አወያይ ፕሮግራሙን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚያሰላው። «የመጨረሻው 45 ደቂቃ የታዳሚው ነው» ብሎ አስቀድሞ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በፊት ባለው ይሸነሸናል። እንግዳ ሲዘገይ የሚቆረጠው ከመክፈቻው፣ ከሙዚቃውና ከሙገሳው ነው። ከሕዝቡ ድርሻ አይነካም።

ወደ ሙገሳው ስንመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «አንጋፋው፣ ዕውቁ፣ ተወዳጁ፣ ሁለገቡ፣ የብዕር አርበኛው...» ደራሲው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ ቅጽሎቹ አለቁ። ከዚያ የሕይወት ታሪኩ ከትውልድ ቀበሌው ጀምሮ ይነበባል። ይኼን እንደ ጨዋነት ነው የምናየው። ነገሩን ከታዳሚው ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩት እስቲ። ሰውዬው «የሥነ ጽሑፋችን ምሰሶ» ከተባለ በኋላ አንዲት የ2ኛ ዓመት ተማሪ ተነስታ «መጽሐፉ መሐሉ ላይ ይንዛዛል፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይም ያለ ምክንያት ነው የምትሞተው» ልትል ትችላለች? አትችልም። ብትልም የምሰሶ ጠላት ትሆናለች። ሙገሳ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ክር እየለበሰ በር ይዘጋል። በቤተ መንግሥቱ ዘመን «እልፍኝ አስከልካይ» የሚባል ሹመት ነበር። ብዙ መድረክ መሪዎቻችን ሳያውቁት ይህንን ሹመት ደርበው ነው የያዙት።

ለማስተዋወቅ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ይህ ሰው ማን ነው? ምን ሠራ? ዛሬ እዚህ ለምን ተጠራ? አለቀ። ዳሰሳ አቅራቢው ተናግሮ ሲቀመጥ «በጣም ድንቅ ዳሰሳ ነበር፣ ለማለት የፈለጉት...» ብሎ የተነገረውን መድገምም አያስፈልግም። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ሁላችንም እዚያው ነበርን፣ ሰምተናል።

ቀጥሎ ጥያቄ አለ። መድረክ መሪው ለደራሲው የሚያቀርባት የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ይህንን ድንቅ መጽሐፍ ለመጻፍ ምን አነሳሳዎት?» የምትለዋ ናት። ይቺ ጥያቄ መጽሐፉን ሳያነቡ የምትጠየቅ ጥያቄ ናት። ለማንኛውም መጽሐፍ ትሆናለች፤ ለምግብ ዝግጅት መጽሐፍ እንኳ ትሆናለች። ያነበበ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ያነበበ ሰው «እናትየዋ ልጇን አሳልፋ በምትሰጥበት ምዕራፍ ላይ ተራኪው አይወቅሳትም፤ እርስዎስ ይወቅሷታል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ የተሸመደደ መልስ ታወጣለች። ሁለተኛዋ ደራሲውን ወንበሩ ላይ ታስተካክለዋለች፣ አዳራሹንም ከስልኩ ቀና ታደርገዋለች። ልዩነቱ የአንደበት ሳይሆን የእርሳስ ነው። እርሳስ ይዞ ያነበበ መድረክ መሪ ያስታውቃል።

ከጠየቀ በኋላ ደግሞ መጠበቅ አለ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ እስኪመጣ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። ብዙዎቹ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይጠብቁም። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ያየሁት ይኼንኑ ነው። ቶሎ የሚነሳው እጅ ከፊት ረድፍ ነው፤ የሚያስደነግጠው ጥያቄ የሚመጣው ግን ከኋላ ነው፣ ዘግይቶ። መድረክ መሪዎቻችን ዝምታን እንደ መብራት መጥፋት ነው የሚፈሩት። «ጥያቄ ያለው? የለም? እሺ እናመሰግናለን!» እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ተጠይቆ ማን ይደርሳል?

እሺ፣ ሦስቱ ጥያቄዎች ተነሱ እንበል። አሁን የምነግራችሁ ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ትንሽ ግን አይደለችም። «ጥያቄዎቹን ሰብሰብ አድርገን እንቀበልና ደራሲው በአንድ ላይ ይመልሱልን» ይባላል። ጊዜ ለመቆጠብ ነው። ውጤቱስ? አንደኛው ጠያቂ ምስጋና አቀረበ። ሁለተኛው «ቀጣዩ መጽሐፍ መቼ ይወጣል?» አለ። ሦስተኛዋ አጥንት የሚነካ ነገር ጠየቀች። ደራሲው ማይኩን ይይዝና ለምስጋናው ምስጋና ይመልሳል፣ ስለ ቀጣዩ መጽሐፍ ሰፋ አድርጎ ያወራል። ሦስተኛዋን ጥያቄ «በሌላ ጊዜ ብንነጋገርበት» ይላታል፤ ወይም ጭራሽ ይረሳታል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልተቆጣም። ጥያቄዋ ግን ሞተች፤ ያውም በጨዋ ደንብ። ስብሰባም ላይ፣ መግለጫም ላይ፣ «ከሕዝብ ጋር የተደረገ ውይይት» በሚባለውም ላይ የምናየው ይኼንኑ ነው። ጥሩው አወያይ አንድ ጥያቄ ለአንድ መልስ ያገናኛል። መልሱ ከሸሸ «ጥያቄዋ ግን አልተመለሰችም መሰለኝ» ብሎ በለስላሳ ድምፅ ይመልሳታል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ድምፅ ማማር አያስፈልግም። ትንሽ ድፍረት ይበቃል።

ማን ይናገር የሚለውም አለ። በድሮው የችሎት ሥርዓታችን ንጉሡ ሲያስችል ዙሪያውን የቆሙት መኳንንት ፍርዳቸውን የሚሰጡት ከታች ወደ ላይ ነበር። በማዕረግ ትንሹ ይጀምራል፣ ትልልቆቹ ይከተላሉ፣ ንጉሡ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል። ብልሃቱ ግልጽ ነው። ራሱ አስቀድሞ ከተናገረ ባላምባራሱ ምን ሊል ይችላል? አያቶቻችን ይኼንን ያውቁ ነበር። እኛ ግን ዲግሪ ይዘን ሥርዓቱን ገለበጥነው። የመጀመሪያው ዕድል ከፊት ረድፍ ላሉት ለፕሮፌሰሩ፣ ለክብር እንግዳው፣ ለአንጋፋው ይሰጣል። እነሱ ከፈረዱ በኋላ ወጣቱ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ይባላል። ምን ይጨምር? «እኔም ከሳቸው ጋር እስማማለሁ» ብሎ ይቀመጣል።

ሴቶቹማ ጭራሽ ሌላ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በ10 አገሮች የተካሄዱ 247 የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችን ተከታትሎ ነበር። ሴት ታዳሚ ጥያቄ የመጠየቅ ዕድሏ ከወንዱ በ2.5 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ የሴቶቹ ተሳትፎ ይበልጥ ይቀንሳል። ይኼ የተማሩት፣ የሠለጠኑት ዘንድ ነው። የኛን አዳራሽ ደግሞ ቅዳሜ ሄዳችሁ ቁጠሩት። እንግዲህ የመጀመሪያውን ማይክ ለማን እንስጥ የሚለው የመድረክ መሪ ውሳኔ የእንግዳ አቀባበል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ማን ዝም እንደሚል የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። «ሰው ማቋረጥ በባህላችን ነውር ነው። ሽማግሌ ሲናገር ሰዓት አልቋል ይባላል?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ነውር ነው። ግን የባህላችንን ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቅሰው። በላ ልበልሃ ብሎ ተራ ጠብቆ ይሟገት የነበረ ሕዝብ ነን። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጉልበተኛው እግሩን ከመሬት ሳያነሳ ባለበት ይቆም እንደነበር ስንሰማ ነው ያደግነው። ያኔም ሰው ይቋረጥ ነበር፤ የሚያቋርጠው ግን ሥርዓቱ ስለነበር የተቋረጠው አይዋረድም። ዛሬ ነውር የሚሆንብን ሥርዓቱን አስቀድመን ስለማንናገር ነው። «እያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ አለው፣ ሲያልቅ እጄን አነሳለሁ፣ ለሁሉም እኩል ነው» ብሎ በመጀመሪያ የተናገረ መድረክ መሪ ሚኒስትሩንም ተማሪውንም ሲያስቆም የሚቀየመው የለም። በመሐል ደንብ የሚያወጣ ግን ተናጋሪውን ደፈረው ይባላል።

የ1997ቱን የምርጫ ክርክር የሚያስታውስ ያስታውሰው። ክርክሩ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰዉ በየቡና ቤቱ ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። የክርክሩን ይዘት እንተወውና፣ እኔን የማረከኝ ባለ ሥልጣኑም ተቃዋሚውም በአንድ ሰዓት ሲለካ ማየቴ ነው። ሰዉ የፓርቲውን ፕሮግራም ከመስማት እኩል ይኼን ማየት ይወድ ነበር። ከምርጫው በኋላ መነጋገሩ ቀረ፤ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አዲስ አበባ ላይ የሰው ሕይወት ጠፋ። መድረክ መሪ ያድነው ነበር ልል አይደለም፣ እንዲህ ያለ ቀልድ አልቀልድም። ግን ክርክር ከአዳራሽ ሲባረር ቤቱ አይገባም፤ ጎዳና ነው የሚወጣው።

በ2013 ደግሞ ክለብሐውስ የሚባለው የድምፅ መወያያ መጣና አገር ቤት ያለውም ውጭ ያለውም ሌሊቱን ሙሉ ተሰበሰበበት። «ሞደሬተር» የምትለዋን ቃል ብዙ ሰው የለመዳት ያን ጊዜ ነው። እዚያ ሞደሬተሩ ቁልፍ አለው፤ የፈለገውን ያወጣል፣ ያልፈለገውን ድምፁን ዘግቶ ወደ ታች ያወርዳል። አንዳንዱ በዚያ ቁልፍ ተጠቅሞ ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች ለሰዓታት አነጋገረ። ብዙው ግን የሚስማማውን ብቻ አስቀምጦ ሲያስጨበጭብ አደረ። ቁልፉ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው የያዘው እጅ ነው።

በመድረክ መሪዎቹ ላይ ብቻ መፍረድ ግን አይገባም። ብዙዎቹ የሚሠሩት ለወዳጅነት ነው፣ ያለ ክፍያ። መጽሐፉ የሚደርሳቸው በዋዜማው ነው። አዘጋጁ ጆሯቸው ሥር እየመጣ «ስፖንሰሮቹን ጥራልኝ፣ እገሌን ሳትጠቅስ እንዳታልፍ» ይላል። እንግዳው ሲዘገይ የሚሰደቡት እነሱ ናቸው። እኛ ታዳሚዎችም ንጹሕ አይደለንም። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ ተነስቶ ሌላ ዳሰሳ የሚያቀርበው ከመሐላችን ነው። በቀልድ የሞላ መድረክ መሪ ሲያገኝ «ወይ መዝናናት!» ብሎ የሚወጣውም እኛው ነን። አጋፋሪን የሚያመርተው አጋፋሪ የለመደ ታዳሚ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። መጽሐፉ ለመድረክ መሪው ከሁለት ሳምንት በፊት ይሰጠው። ዳሰሳ አቅራቢዎቹን አስቀድሞ ያነጋግራቸው፤ አንዱ ስለ ታሪኩ፣ ሌላው ስለ አጻጻፉ ይያዙ፣ ሁለቱም አንድ ነገር እንዳይደግሙ። ከአዳራሹ ኋላ ሁለተኛ ማይክ ይቀመጥ፤ የኋላው ሰው እየጮኸ እንዳይናገር። ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ይሁን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ከታች፣ ከኋላ፣ ከወጣት፣ ከሴት ይጀምር። ካልተስማሙ ሰዎች መካከል ሁለቱን ፊት ለፊት ያናግር፣ በመሐላቸው ሆኖ ነገሩን ያጥራ እንጂ አያለዝበው። ባለበት ሰዓት ይዝጋ። ሲዘጋም «ሁላችንም ተስማምተናል» አይበል፤ አልተስማማንማ። «በዚህ ተስማማን፣ በዚህ አልተስማማንም፣ ይኼ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም» ብሎ ይሸኘን።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ብናገኝ ትልቅ ነገር ነው። አለመስማማታችን በአደባባይ ተነግሮ፣ ማንም ሳይሰደብ፣ ማንም ሳይፈራ፣ ሻይ ጠጥተን ወደየቤታችን መሄድ እንደሚቻል በዓይናችን እናያለን። ይኼን ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ልቦለድ ላይ ካልተለማመድነው፣ ከልቦለድ የከበደ ነገር በመጣ ጊዜ ከየት እናመጣዋለን?

ያኔ ማጨብጨቡን ለኛ ይተውልን። መቼ እንደምናጨበጭብ እናውቃለን።